ከግድግዳው የሚመጣው ኬብል፦ ስለ ፋየርዎል ማዋቀሪያዎች ለቀረበ ተቃውሞ የተሰጠ ምላሽ

በድሬዳዋና በሐረር በኔትወርክ ሥራ በተሰማራነው ሰዎች መካከል አንድ የሙያ ባልደረባችን የጻፉት ጽሑፍ ሰሞኑን ሲነበብ ሰንብቷል። ጽሑፉ በአሮጌ ዴስክቶፕ ወይም በትንሽ ራውተር ላይ የሚጫኑ የሊኑክስ ፋየርዎሎችን (በውስጥ ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል ቆመው የሚያልፈውን የሚፈቅዱና የሚከለክሉ ፕሮግራሞችን) ለማዋቀር ተብለው የሚዘጋጁ «ቀላል» መሣሪያዎችን ይቃወማል። መከራከሪያዎቹ አራት ናቸው። የአይፒቴብልስን (የሊኑክስ ፋየርዎል ደንብ መጻፊያን) ትእዛዝ በእጁ መጻፍ የማይችል ሰው ፋየርዎል ሊያቆም አይገባውም፤ ማዋቀሪያው ደንቦቹን ስለሚሸፍን ብልሽት ሲመጣ የሚያነባቸው አይገኝም፣ ለተጠቃሚውም የሐሰት መተማመኛ ይሰጣል፤ የማዋቀሪያ ገጽ የትንሿን ማሽን አቅም ይበላል፣ ለአጥቂም ተጨማሪ መግቢያ ይሆናል፤ በመጨረሻም ማዋቀሪያን በአማርኛ ማዘጋጀት ቃላቱን ከማምታታት ያለፈ ፋይዳ የለውም። ለዚህ ሁሉ ማሳያ ያደረጉት የጀጎልን ግንብ ሲሆን፣ ግንብ የግንበኛ እንጂ የመንገደኛ ሥራ አይደለም ይላሉ።

ጸሐፊውን በሥራቸው አከብራቸዋለሁ። ከአራቱ ነጥቦች በአንዱ ውስጥ እውነት እንዳለም ቦታው ሲደርስ እቀበላለሁ። ሆኖም ጽሑፉ በሙሉ የቆመው ስሕተት የሚሠራው የማያውቅ ሰው ብቻ ነው በሚል ግምት ላይ ነው፤ ይህን ግምት ደግሞ እኔ ራሴ በገዛ እጄ አፍርሼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር ውስጥ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሊኑክስ ፋየርዎል አቁሜ ነበር። ደንቦቹን የጻፍኳቸው ጸሐፊው በሚመክሩት መንገድ፣ በእጄ፣ በአንድ ስክሪፕት ውስጥ፣ በየመስመሩ ማብራሪያ እየጨመርኩ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ከዚራ ቁጭ ብዬ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያ) ገባሁና ስክሪፕቱን አሻሻልኩ። የጨመርኩትን ክፍል የቀዳሁት ለሌላ ደንበኛ ከጻፍኩት ነበር፤ በዚያኛው ማሽን ወደ ውጭ የሚወጣው ካርድ «ኢቲኤች0» ሲሆን በሐረሩ ግን «ኢቲኤች1» ነው። ስክሪፕቱ በመጀመሪያ የነበሩትን ደንቦች ያጠፋል፣ ቀጥሎ ነባሪውን ፖሊሲ ወደ «ጣል» (ያልተፈቀደውን ሁሉ አታሳልፍ) ይለውጣል፣ ከዚያም የተፈቀደውን አንድ በአንድ ይከፍታል። ከፈተም፤ የከፈተው ግን የተሳሳተውን ካርድ ነው። የእኔ መስመር ደረቀ፣ የእንግዶቹም ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስክሪፕቱ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የሚሠራ ስለነበር አጥፍቶ ማብራትም ለውጥ አላመጣም።

ለእንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ደወልኩና «እህቴ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን የመጀመሪያውን ኬብል ንቀይልኝ» አልኳት። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው የቱ ነው?» አለችኝ፤ «ከግድግዳው የሚመጣውን ነው ወይስ ወደ ስዊቹ የሚሄደውን ነው የሚሉኝ?» የምመልሰው አጣሁ። በመጨረሻ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ ሐረር ስደርስ ያረምኩት በጥቂት መስመሮች ላይ የተደጋገመች አንዲት አኃዝ ነው።

እንግዲህ በዚያን ቀን የሚያውቀው ማን ነበር? እኔ ትእዛዙን አውቃለሁ። የትኛው ኬብል ከየት እንደሚመጣ የምታውቀው ግን እርሷ ናት። ፋየርዎል ደግሞ ሁለቱንም እውቀት ይፈልጋል፤ ደንቡ ትክክል ሆኖ ኬብሉ ከተሳሳተ ደንቡ በስሕተት ቦታ የቆመ ዘበኛ ነው። ማዋቀሪያ መሣሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ባለሙያውን መተካት አይደለም፤ ባለሙያው ቀድሞ ያሰበውን ይዞ፣ ባለሙያው በሌለበት ሰዓት፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ያ ሰው ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ውጫዊው ካርድ የትኛው ነው?» ለእንግዳ ተቀባይዋ ጥያቄ አይደለም። «ከግድግዳው የሚመጣውን ኬብል አሁን ይንቀሉ» ግን ማንም የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው። ኬብሉ ሲነቀል ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የትኛው ካርድ መስመር እንዳጣ ወዲያው ያውቃል፣ ማዋቀሪያውም ከእርሱ አንብቦ «ይህ የውጭው ነው» ብሎ ይመዘግባል፣ «መልሰው ይሰኩት» ይላል። የካርዱ ስም በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጊዜም አይነሣም።

የካርድ ስም ነገር ትንሽ ሊቆምበት የሚገባ ነው። በድሮው አሠራር ካርዶቹ ተራ ቁጥር የሚያገኙት ከርነሉ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ስለነበር፣ አንድ ካርድ ሲጨመር ወይም ሲለወጥ ቁጥሩ ሊገለባበጥ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ካርዱ በተሰካበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ቋሚ ስም መስጠት ጀመሩ፤ «ኢኤንፒ3ኤስ0» የመሰሉት ስሞች የመጡት ከዚያ ነው። መገለባበጡ ቆመ፤ ስሙ ግን ኬብሉ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬም አይናገርም። ችግሩን ቀድመው የተረዱት ለፋየርዎል ተብለው የተዘጋጁት የሊኑክስ ሥርጭቶች እነ ስሙዝዎልና ከእርሱ ተገንጥሎ የወጣው አይፒኮፕ ናቸው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የውስጡን አረንጓዴ፣ የውጩን ቀይ፣ ከውጭ የሚታዩ ሰርቨሮች የሚቀመጡበትን ብርቱካናማ፣ የዋይፋዩን ሰማያዊ ብለው ሰየሙ። እኔም ከሐረሩ ጉዞ ወዲህ በየደንበኛው ቤት የኬብሎቹን ጫፍ ቀይና አረንጓዴ የጥፍር ቀለም እቀባለሁ፤ ሚስቴ ጠርሙሶቹ ቶሎ ለምን እንደሚያልቁ ለማወቅ ጊዜ ወስዶባታል።

ጸሐፊው ያነሡት የጀጎል ምሳሌም ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ግንቡን ግንበኛ እንደሠራው አልክድም። ነገር ግን በሮቹ ሸዋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር ይባላሉ፤ በሐረሪ ቋንቋም የየራሳቸው ስም አላቸው። ሸዋ በር ወደ ሸዋ፣ ኤረር በር ወደ ኤረር አቅጣጫ መውጫ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። በር ዜሮና በር አንድ ብሎ የጠራቸው የለም። ግንበኛው ቢሞትም ዘበኛው የትኛውን እንደሚዘጋ ያውቅ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስና፣ ከኬብሉም በላይ ዋጋ ያስከፈለኝ ወደ ኋላ መመለሻ ማጣቴ ነበር። ደንቡን የለወጠ ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ገብቶ «ደርሻለሁ» ካላለ፣ ማሽኑ በራሱ የቀድሞውን ደንብ ቢመልስ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በትላልቆቹ የጁኒፐር ራውተሮች ላይ ለውጥን «አረጋግጥ ካላልኩ መልሰው» ብሎ መፈጸም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ነባሪው የመጠበቂያ ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። ከአይፒቴብልስ ጋር የሚመጣ አንድ ትንሽ ስክሪፕትም ይህንኑ ይሠራል፤ ስንቶቻችን እንደምንጠቀምበት ግን እንጃ። ለትናንሽ ራውተሮች የተዘጋጀው የሊኑክስ ሥርጭት፣ የኦፕንደብሊውአርቲ፣ የማዋቀሪያ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 18.06 እትም ጀምሮ ለውጡ ከተፈጸመ በኋላ ብራውዘሩ ራውተሩን መልሶ ካላገኘው ለውጡን ይሽራል። ተጠቃሚው ይህን ማስታወስ አይጠበቅበትም፣ ባለሙያውም እንደዚሁ። በእጅ የሚጻፈው ስክሪፕት ግን የሚያድነው ጸሐፊው አስታውሶ መመለሻውን ከጻፈበት ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያን ቀን አላስታወስኩም።

በዚሁ ላይ የእጅ ስክሪፕትን እንደ ንጹሕ አሠራር የሚያዩት ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። በሼል ስክሪፕት የተጻፉ ደንቦች የሚገቡት አንድ በአንድ ነው። ሰባተኛው መስመር ላይ የፊደል ግድፈት ቢኖር፣ ያ መስመር ስሕተት አውጥቶ ይዘለልና ስምንተኛው ይቀጥላል፤ ውጤቱ ማንም ያላቀደው ግማሽ ፋየርዎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ከ3.13 ከርነል ጋር የመጣው የአይፒቴብልስ ተተኪ ኤንኤፍቴብልስ አንድን የደንብ ፋይል በአንድ ጊዜ ይቀበላል ወይም በሙሉ ይጥላል፤ ማዋቀሪያ መሣሪያ ይህን መንገድ ሁልጊዜ ይከተላል፣ ሰው ግን ሲመቸው ብቻ። ከዚህም ሌላ በአይፒቴብልስ የሚጻፍ ደንብ የሚመለከተው አራተኛውን የአይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) እትም ብቻ ነው። ለስድስተኛው እትም የተለየ ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ ይህንንም የረሱ ጠንካራ ባለሙያዎችን አውቃለሁ።

የአድራሻ ግጭት የሚባለውን ችግር ጸሐፊው አላነሡትም፤ እኔ ግን በየወሩ የሚገጥመኝ ስለሆነ ላልፈው አልችልም። ከቴሌኮም መስመር ጋር የሚገጠሙ ብዙ ሞደሞች ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ይጠራሉ። ኦፕንደብሊውአርቲም ሲጫን የውስጥ አድራሻውን 192.168.1.1 ያደርጋል። ሁለቱ በኬብል ሲገናኙ ትንሿ ራውተር በውጭም በውስጥም አንድ ዓይነት አድራሻ ታያለች፣ ፓኬቱን (የሚተላለፈውን የመረጃ ጥቅል) ወዴት እንደምትልክም አታውቅም። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ራውተር ገዝቶ የመጣው ነጋዴ የሚያየው «ኢንተርኔት የለም» የሚል ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይሄዳል። ለዚህ መፍትሔው ነጋዴውን ስለ ንኡስ ኔትወርክ ማስተማር ነው ከተባለ፣ ነጋዴው ሱቁን መቼ ይከፍታል? ማዋቀሪያው ከሞደሙ የተሰጠውን አድራሻ አይቶ፣ ከውስጡ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ሲያገኘው፣ ለግል ኔትወርክ ከተከለሉት አድራሻዎች መካከል ሌላ መርጦ የውስጡን መለወጥ ይችላል። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ማዋቀሪያ ደንቦቹን ይሸፍናል የሚለው፣ እውነት ያለበት ነው። የአንዳንድ መሣሪያዎችን ውጤት ከፍቼ አይቻለሁ፤ ለሦስት ፈቃድ ከመቶ የማያንሱ መስመሮች፣ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩ ሰንሰለቶች፣ ትርጉም የሌላቸው ስሞች። ከዚያ የባሰው ደግሞ ባለሙያ በእጁ ያረመውን በሚቀጥለው ጊዜ ጠራርገው የሚያጠፉት ናቸው። በዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ እኔም ለደንበኛ አልጭንም።

ነገር ግን ይህ የክፉ ማዋቀሪያ ባሕርይ እንጂ የማዋቀሪያ ባሕርይ አይደለም። በኦፕንደብሊውአርቲ ውስጥ የፋየርዎሉ ቅንብር የሚቀመጠው በአንድ ግልጽ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ገጹም የሚያነበውና የሚጽፈው ያንኑ ፋይል፣ ባለሙያውም በኤስኤስኤች ገብቶ የሚያርመው ያንኑ ፋይል ነው። አንዱ የሠራውን ሌላው ያየዋል። ከዚህ ቋንቋ በላይ የሚሄድ የተለየ ደንብ ያለው ሰው ደግሞ ማዋቀሪያው የማይነካው የራሱ ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ሾርዎል የተባለው የሊኑክስ ማዋቀሪያም ከዚህ ቀደም ብሎ ኔትወርኩን በዞን ከፍሎ፣ ከየትኛው ዞን ወደ የትኛው ምን እንደሚፈቀድ በጥቂት መስመሮች ጽፎ፣ ዝርዝሩን ራሱ እንዲያወጣ አድርጎ ነበር። «ከእንግዶች ወደ ቢሮ፦ ክልክል» የሚል መስመር፣ ከእርሱ ከሚወጡት አሥር የአይፒቴብልስ ትእዛዞች ይልቅ ለሚቀጥለው ቴክኒሺያን ይቀላል። እንዲያውም ሽፋኑን የገለጠ ይመስለኛል፤ ትእዛዙ እንዴት እንደሚደረግ ሲናገር፣ ዞኑ ምን እንደታሰበ ይናገራልና።

እዚህ ላይ የራሴን ወገንም ልወቅስ። «ቀላል» ተብለው ከተሠሩት መካከል ሐሳቡን በሙሉ የጣሉ አሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሬድሃት ሊኑክስ አጫጫን ተጠቃሚውን የጥበቃ ደረጃ ያስመርጠው ነበር፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ወይም ምንም። ከፍተኛው ምን ይዘጋል? መካከለኛው ማንን ያስገባል? መልሱ ከሥር ተጽፎ ቢገኝም፣ መምረጫው ቃል ራሱ ምንም አይልም፤ ሰው ሁሉ መካከለኛውን ይመርጥና ይቀጥላል። ጸሐፊው የሐሰት መተማመኛ ያሉት ይህን ከሆነ እስማማለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ አቅምና ስለ አጥቂ ነው። አቅምን በተመለከተ ማዋቀሪያው በፋየርዎሉ ላይ መኖር አለበት ያለ ማንም የለም። ፋየርዎል በአንዲት 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ በሚሠራበት ዘመን፣ ኮዮቲ ሊኑክስ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ጥያቄዎቹን ጠይቆ ፍሎፒውን የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነበረው፤ ትንሿ ማሽን የምትቀበለው ያለቀለትን ነበር። ሾርዎል ላይትም እንዲሁ ነው፤ ደንቡ በአስተዳዳሪው ኮምፒውተር ተቀናብሮ ፋየርዎሉ ላይ የሚደርሰው ውጤቱ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ያላት ራውተር ማዋቀሪያ ገጹን ይዛ ትሠራለች። ስለዚህ ይህ ክርክር ከፍሎፒው ጋር ያለፈ ይመስለኛል።

አጥቂን በተመለከተ፣ ማዋቀሪያ ገጽ በውጩ በኩል መከፈት የለበትም፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ሲይዝ፣ የገባው በተራቀቀ ገጽ በኩል አልነበረም። ባረጀው የቴልኔት (ከርቀት ትእዛዝ መስጫ) መግቢያ፣ 60 ገደማ የሆኑ የፋብሪካ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት ስም አገልግሎት ሰጪ ያንበረከከው የእነዚያ ዕቃዎች ሠራዊት ነበር። በሩን የከፈተው ማንም ሳይለውጠው የቀረ የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃል ሳይቀየር ወደሚቀጥለው ገጽ አላልፍም የሚል ማዋቀሪያ ይህን ይዘጋል፤ በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ግን ስለ ይለፍ ቃል የሚያውቀው ነገር የለም።

ካሜራ ካነሣሁ አይቀር፣ በከተማችን ፋየርዎልን ከሁሉ በላይ የሚያስቀድደው እርሱ ነው። ባለ ሱቁ ቤቱ ሆኖ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሱቁን በስልኩ ማየት ይፈልጋል። ካሜራ የገጠመው ልጅ በራውተሩ ላይ አንድ ፖርት (ቁጥር ያለው የኔትወርክ መግቢያ) ይከፍትና ይሄዳል። ያ ልጅ ትእዛዝ የማያውቅ አይደለም፣ ያውቃል። የሚያውቀውን ሲከፍት ግን ማንም አልጠየቀውም። ማዋቀሪያው በዚያች ቅጽበት «ይህን ካሜራ ከባለቤቱ ስልክ ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ያለ ሁሉ ሊደርስበት ይችላል፤ የካሜራው የይለፍ ቃል ተቀይሯል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዚያም የተከፈተውን ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚታይ ቦታ ቢዘረዝር፣ ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

አራተኛው፣ የአማርኛው ነጥብ፣ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ጸሐፊው ፖርት፣ ፓኬት፣ ራውተር የሚባሉት ነገሮች በአማርኛ ስም የላቸውም ይላሉ። አሏቸው፤ ፖርት፣ ፓኬት፣ ራውተር ይባላሉ። ቴክኒሺያኑም ባለ ሱቁም እንዲያ ነው የሚላቸው። የተቸገርነው በስሙ አይደለም፣ በዐረፍተ ነገሩ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ «ገቢ ትራፊክን ወደዚህ ዞን አስተላልፍ» የሚል መምረጫ በቃል በቃል ትርጉም ሲመጣ ከሁለቱም ቋንቋ ሳይሆን ይቀራል። «ከውጭ የሚመጣ ሰው ወደ ቢሮው ኮምፒውተሮች መግባት ይችላል?» ሲባል ግን መልሱ አዎ ወይም አይ ነው።

ማዋቀሪያው በየትኛው ቦታ ይታይ የሚለውም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። የሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256፣ ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው። ፊደላችን ብቻውን ከ300 በላይ ምልክት አለው። ከላቲኑ ጋር ተጨምቆ ቢገባ እንኳ፣ ስምንት ነጥብ ስፋት ባላት ጠባብ ሳጥን ውስጥ «ጬ» እና «ጨ» የሚለዩበት ዓይን ማን አለው? በብራውዘር የሚከፈት ገጽ ግን ፊደሉን የሚያገኘው ከተጠቃሚው ስልክ ስለሆነ ትንሿ ማሽን ምንም አትሸከምም። ጸሐፊው ለአቅም ሲሉ የተቃወሙት ገጽ፣ በአማርኛ መጻፍ የሚቻልበት ቀላሉ መንገድም እርሱ ነው። ጽሑፉ ከፕሮግራሙ ተለይቶ በራሱ ፋይል ከተቀመጠ፣ ለድሬዳዋ የግድ የሚያስፈልጉት አፋን ኦሮሞና ሶማልኛም ያለ ብዙ ድካም ይከተላሉ።

ከቃልም በላይ ደግሞ ሰዓት አለ። አንድ ትምህርት ቤት በክፍለ ጊዜ ሰዓት የቪዲዮ ገጾች እንዲዘጉ ጠየቀኝ እንበል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። አይፒቴብልስ የሰዓት ደንብን ካልተነገረው በቀር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ እኛ ከእርሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። መምህሩ 2 እና 6 ብሎ ቢሞላ፣ ገጾቹ የሚዘጉት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ልጆቹ እንደ ልባቸው ነው። ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሮ 8 እና 12 ብሎ የሚሞላ ጠንቃቃም ቢሆን፣ የሚያገኘው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። በእጅ የሚጽፍ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ማስላት አለበት፣ አንድ ጊዜ 6ን መደመር፣ አንድ ጊዜ 3ን መቀነስ ነው ልበል፤ እኔ ራሴ ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ ተሳስቼ አረምኩት። ማዋቀሪያው «ጠዋት 2፡00» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ጠይቆ፣ ስሌቱን ለራሱ መተው አለበት።

በዚህ ላይ መብራት ሲሄድ የሚሆነውን ጨምሩበት። ብዙ ትናንሽ ራውተሮች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። መብራት ሲመለስ የሚነሡት ባረጀ ሰዓት ነው፣ የሚያስተካክሉትም ከኢንተርኔት ላይ ጠይቀው ነው። እስኪያስተካክሉ ድረስ የሰዓት ደንቡ በተሳሳተ ቀን ላይ ይሠራል። ይህን የሚያውቅ ማዋቀሪያ በገጹ አናት ላይ «ሰዓቱ ገና አልተስተካከለም» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም ለቴክኒሺያኑ ከመደወሉ በፊት አምስት ደቂቃ ይጠብቃል።

ጸሐፊው በመደምደሚያቸው መፍትሔው ሥልጠና ነው ብለዋል። ሥልጠናን አልጠላም፣ እኔም አሠለጥናለሁ። ነገር ግን የእንግዳ ማረፊያው ፋየርዎል ሲቆም በስፍራው የምትገኘው እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ እርሷን አይፒቴብልስ አስተምሬ ብጨርስ እንኳ ያን ጊዜ የተሻለ ሥራ ይዛ አዲስ አበባ ትሄዳለች።

እኔ በማዘጋጀው ማዋቀሪያ ላይ አሁን የቀሩት አራት ጥያቄዎች ናቸው፦ ከግድግዳው የሚመጣውን ኬብል ይንቀሉ፤ አዲስ የይለፍ ቃል ይምረጡ፤ የእንግዶች ዋይፋይ ከቢሮው ይለይ ወይ፤ ከውጭ ሊታይ የሚገባው ዕቃ አለ ወይ። ቀሪው፣ ከውስጥ የተጀመረ ግንኙነት መልሱ እንዲገባ፣ ከውጭ የተጀመረ እንዲጣል የሚለው፣ ሳይጠየቅ የሚሆን ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ገና እያሰብኩበት ነው፤ ሁልጊዜ ቢለይ የሚጎዳው የእንግዶቹን ስልክ ከቢሮው ማተሚያ ጋር ማገናኘት የሚፈልገውን ጥቂት ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ለጸሐፊው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሁለት አሮጌ ዴስክቶፖች እናዘጋጅ፤ በአንዱ የእርሳቸው ስክሪፕት፣ በሌላው የእኔ ማዋቀሪያ ይጫን። ሦስተኛ ሰው በሁለቱም ላይ ካርዶቹን ያቀያይር፣ ሞደሙንም በሌላ ይለውጥ። ከዚያ እርሳቸውም እኔም ከክፍሉ እንውጣና፣ በሁለቱ የሥራ ቦታዎች የሚገኙት የፊት ዴስክ ሠራተኞች ኢንተርኔቱን ይመልሱ፤ ስልክ መደወል የተፈቀደ ይሁን፣ የተደወለውም ይቆጠር።